በእጅ የሚያዝ ኤሌክትሮኒክ ፒፔት፦ ሚዛኑ ለምን ሁልጊዜ ጎደሎ ያሳያል?

#1 ቂሊንጦ_ቤንች

ሰላም ለዚህ ቤት። ከ100 እስከ 1000 ማይክሮሊትር የሚሠራ፣ ባለ አንድ ቲፕ (ጫፉ ላይ የሚሰካ፣ ፈሳሹ የሚገባበት ፕላስቲክ) ኤሌክትሮኒክ ፒፔት፣ ማለትም ትንሽ ፈሳሽ ለክቶ የሚስብና የሚለቅ ዕቃ፣ እየነደፍን ነው። በሰበታ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ ላሉ የእንስሳትና የሰብል ቤተ ሙከራዎች የሚሆን፣ ሲበላሽ እዚሁ ተፈትቶ እዚሁ የሚጠገን መሣሪያ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። የደረስንበትን ከነቁጥሩ ላስቀምጥ።

ፒስተኑ በቶርኖ የተላጠ 8 ሚሊሜትር የማይዝግ ብረት ነው። ሞተሩ 20 ሚሊሜትር ስቴፐር (ስቴፕ በሚባል ትንንሽ እርምጃ የሚዞር)፣ በዙር 200 ስቴፕ፣ ብሎኑ በአንድ ዙር 2 ሚሊሜትር ይጓዛል። ስለዚህ አንድ ስቴፕ 0.01 ሚሊሜትር ነው፤ የፒስተኑ ፊት ስፋት 50.27 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ በስቴፕ 0.503 ማይክሮሊትር ይሆናል። 1000 ለመሳብ 19.9 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ የመጨረሻዋን ጠብታ ለማራገፍ ከዜሮው በታች 4 ሚሊሜትር ትቼለታለሁ። አየር እንዳይሾልክ የሚዘጋው አንድ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ነው። ቲፑ የሚሰካበት አፍንጫ ርዝመቱ 50፣ ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር። ፒስተኑ ዜሮ ላይ ሆኖ ከሱ እስከ ቲፑ ጫፍ ያለው ባዶ ቦታ በአጠቃላይ 3 ሚሊሊትር ገደማ ነው። ባትሪው ባለ አንድ ሴል ሊቲየም 500 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ቻርጀሩ ቲፒ4056፣ የመቆጣጠሪያ ቺፑ 3.3 ቮልት ከኤኤምኤስ1117፣ ሞተሩን የሚነዳው ድራይቨር ኤ4988 ሆኖ 9 ቮልት በቡስት (ቮልት ከፍ በሚያደርግ ሰርኪት) ይደርሰዋል።

የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። 1000 ላይ አድርጌ ውሃ ስመዝን (1 ማይክሮሊትር ውሃ 1 ሚሊግራም ያህል ነው) አማካዩ 978 ሚሊግራም ነው፤ 100 ላይ 93። በ100 ላይ ደግሞ ንባቦቹ እርስ በርስ አይቀራረቡም። ባትሪው ግማሽ ሲደርስ እየሳበ መሃል ላይ ጠፍቶ ይነሳል። ኢታኖል ሲይዝ ይንጠባጠባል። ለመጀመሪያው ችግር ሶፍትዌሩ ውስጥ በ1.02 ባባዛው ይበቃል ወይ?

#2 ጠብታ

በ1.02 አታባዛው ወንድሜ። ሁለቱን ቁጥሮችህን ጎን ለጎን እያቸው፦ በ1000 ላይ የጎደለህ 2 በመቶ ነው፣ በ100 ላይ ግን 7 በመቶ። በሁሉም መጠን እኩል በመቶ ቢጎድል ፒስተኑ ቀጥኗል ማለት ነበር። መጠኑ ባነሰ ቁጥር በመቶኛው እየባሰ የሚሄድ ጉድለት ግን የአየር ትራሱ ፊርማ ነው።

ፒስተኑ ውሃውን አይነካም። መሃላቸው ላይ አየር አለ፤ ያ አየር ሞላ ነው። ቲፑ ውስጥ የቆመው ውሃ በክብደቱ ወደ ታች ሲጎትት አየሩ ይለጠጣል፤ የተለጠጠውን ያህል ውሃ ሳይገባ ይቀራል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የጎደለው = የአየሩ መጠን × የውሃው ዓምድ ግፊት ÷ (የአካባቢው ግፊት − የውሃው ዓምድ ግፊት)።

በአንተ ልክ እንሥራው። በተለመደው ሰማያዊ ቲፕ 1000 ማይክሮሊትር ወደ 50 ሚሊሜትር ከፍታ ይቆማል፤ ግፊቱ 488 ፓስካል ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው እንጂ መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው 101.3 አይደለም። 3000 × 488 ÷ 76512 = 19.1 ማይክሮሊትር። ለ100 ከፍታው 17 ሚሊሜትር ቢሆን ግፊቱ 166 ፓስካል፣ ጉድለቱ 6.5 ማይክሮሊትር። ሚዛንህ የነገረህም ይህንኑ ነው፦ 978 ሚሊግራም ወደ መጠን ሲቀየር 980.5 ማይክሮሊትር፣ 93ቱ ደግሞ 93.2። ከፍታውን በማስመሪያ በራስህ ቲፕ ላይ ለካ፤ ቲፑ ወደ ጫፉ ስለሚጠብ ከፍታው ከመጠኑ ጋር ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ያው ፒፔት ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን በ1000 የሚጎድለው 14.5 ብቻ ነበር። አየሩ ሲሳሳ ሞላው ይለሰልሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የአየሩን መጠን ቀንስ፤ ሶፍትዌሩ የሚያርመው ከዚያ በኋላ የተረፈውን ነው።

#3 ቂሊንጦ_ቤንች

እህቴ ጠብታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ከየት ነው የምቀንሰው? ቲፑ ራሱ 1.3 ሚሊሊትር ይይዛል፤ እሱን መንካት አልችልም።

#4 ቶርኖ_ገላን

ከአፍንጫው ቀዳዳ ነዋ። 50 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ 1.41 ሚሊሊትር አየር ነው። ወደ 3 ሚሊሜትር ብታወርደው 0.35 ይሆናል። በአንድ መሰርሰሪያ ለውጥ ከ1 ሚሊሊትር በላይ ታተርፋለህ፤ አጠቃላዩ 1.95 አካባቢ ይገባል። በጠብታ ስሌት የ1000 ጉድለት ወደ 12፣ የ100 ወደ 4 ይወርዳል ማለት ነው። ከ2 ሚሊሜትር በታች ግን አትውረድ፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ከገባች ትደፍነዋለች፣ ለማጽዳትም መከራ ነው። ለማራገፊያ የተውከው 4 ሚሊሜትርም ብቻውን 200 ማይክሮሊትር አየር ነው፤ 3 ሚሊሜትር እንደሚበቃ ሞክረህ እይ።

አሁን ፒስተኑ። በቶርኖ የተላጠ ዘንግ ዓይን ቢያሞኝም ላዩ ላይ ጥምዝ ጭረት አለው፤ ኦሪንጉን እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ አየሩም በጭረቱ ይሾልካል። መላጥ ሳይሆን መሞረድና መወልወል፣ ማለትም ግራይንድ የተደረገ ዘንግ ነው የሚያስፈልግህ። ለሙከራ የሚሆን ርካሽ መንገድ አለ፦ ለስሪዲ ማተሚያ የሚሸጠው 8 ሚሊሜትር ክሮም ዘንግ። ኤች6 የሚባለው ልክ ከሆነ ውፍረቱ ከ8.000 በታች ቢበዛ 0.009 ሚሊሜትር ነው የሚቀንሰው፤ በመጠን 0.23 በመቶ። ክሮሙ ግን የተቆረጠበት ጫፍ ላይ በእንፋሎት ይዝጋል። አውቶክላቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ ለሚገባው ዕቃ 316 የማይዝግ ብረት ግዛ። ምናለሽ ተራ የሚገኘውን ዘንግ በማግኔት ፈትኜ ገዛሁ ማለት ዋስትና አይሆንም፤ ማግኔት 304ን ከ316 አይለይም።

ኦሪንግ ብቻውን ሌላም ጣጣ አለው። ሲቆም ይጣበቃል፣ ሲነሳ ይዘላል። በ100 ማይክሮሊትር ንባቡ የሚበታተንብህ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የተሻለው የቴፍሎን ከንፈር ሆኖ ከጀርባው ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ የተሠራ ኦሪንግ የሚገፋው ነው፤ ዘንጉን የሚነካው ቴፍሎኑ ብቻ ይሁን። ለጊዜው ኦሪንግ ብቻ ከተጠቀምክ የሚጨመቀው ከውፍረቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ይሁን። ቅባቱ ሲሊኮን ወይም ፍሎሪን ያለበት ግሪስ፣ እሱም በጣት ተቀብቶ የተጠረገ ያህል ስስ። የመኪና ግሪስ ኢፒዲኤምን ያሳብጠዋል፤ በጭራሽ።

ሞተሩን ከፒስተኑ ጋር ጥብቅ አድርገህ አትሰር። ብሎኑ ትንሽ ቢጣመም ፒስተኑን ወደ ጎን እየገፋ ኦሪንጉን በአንድ ወገን ይበላዋል። መጋጠሚያው ላይ ወደ ጎን 0.2 ሚሊሜትር የሚንሳፈፍ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ምንም የማይላወስ ኳስ ነገር አድርግበት። ፒስተኑ አብሮ እንዳይዞርም ጠፍጣፋ ጎን ወይም ፒን ያስፈልገዋል።

#5 ሽቦና_ሶልደር

ጋሼ ቶርኖ ስለ ብሎኑ ያነሱትን ልቀጥል። የንባቡ መበታተን ሁለተኛው ምክንያት በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የፕላስቲክ ዳዶ 0.05 ሚሊሜትር ቢላላ በ8 ሚሊሜትር ፒስተን 2.5 ማይክሮሊትር ነው። በ1000 ላይ ሩብ በመቶ ሆኖ ያልፋል፤ በ100 ላይ 2.5 በመቶ ሆኖ ያጋልጥሃል።

መድኃኒቱ አቅጣጫ ነው። ከመሳብህ በፊት ፒስተኑን ከዜሮው 20 ስቴፕ ወደ ታች አሳልፈህ ተመለስና ዜሮው ላይ ወደ ላይ እየሄደ ይቁም። ይህ ቲፑ ፈሳሹን ከመንካቱ በፊት ይሁን። ከዚያ በኋላ የምትስበው እያንዳንዱ ስቴፕ ያለ ክፍተት ነው። ስትለቅ ችግር የለም፤ እስከ ማራገፊያው ድረስ ስለሚወርድ ክፍተቱ ራሱ ይበላል። አንድ ጊዜ ስቦ አሥር ጊዜ እኩል እኩል በሚለቅበት ፕሮግራም ግን የመጀመሪያው ልቀት የክፍተቱን ስለሚከፍል መልሰህ ወደ ዕቃው ጣለው፤ የመጨረሻውንም አትቁጠረው።

ማይክሮስቴፕ (አንዱን ስቴፕ ከፋፍሎ መንዳት) ያድነኛል ብለህ አትመን። 16 ማይክሮስቴፕ ማለት የ16 እጥፍ ትክክለኛነት አይደለም፤ ኦሪንጉ ሲይዘው ሮተሩ ከታዘዘበት ወደ ኋላ ይቀራል። ለጸጥታና ለለስላሳ እንቅስቃሴ ተጠቀምበት፣ የምትቆምበትን ቦታ ግን በሙሉ ወይም በግማሽ ስቴፕ ቁጠር። ዜሮውንም ሞተሩ ግድግዳ ሲመታ ከሚሰማ ድራይቨር አትውሰድ፤ በዝቅተኛ ፍጥነት አይታመንም። ባለ ስንጥቅ ኦፕቲካል ሴንሰርና ፒስተኑ ላይ የታሰረች ቀጭን ቆርቆሮ በቂ ናቸው።

ፍጥነቱን ደግሞ አስላው፦ 20 ሚሊሜትር በ1.5 ሰከንድ ማለት በሰከንድ 1333 ስቴፕ ነው። ከቆመበት ቀጥታ በዚህ ፍጥነት ብታስነሳው ስቴፕ ይዘላል፣ ሶፍትዌሩ ግን የሄደ ይመስለዋል። በሰከንድ ከ200 ስቴፕ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር፣ ሲያቆምም ቀስ ብሎ ይቀንስ። ድንገት የሚቆም ፒስተን ፈሳሹን ወደ ላይ አስፈንጥሮ አፍንጫውን ያርሰዋል።

#6 ሽቦና_ሶልደር

ስለ ባትሪው ለብቻው ልጻፍ፣ የተለየ በሽታ ነውና። ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነው።

አንደኛ፣ ኤኤምኤስ1117 3.3 ቮልት ለመስጠት መግቢያው ላይ ከ1 ቮልት በላይ ትርፍ ይፈልጋል። ሊቲየሙ ሞልቶም 4.2 ነው፤ ግማሽ ሲደርስ 3.7። ስለዚህ ከመጀመሪያውም 3.3 አግኝተህ አታውቅም፤ መቆጣጠሪያ ቺፑ በትዕግሥቱ ነው የሚሠራልህ። እንደ ኤምሲፒ1700 ያለ ትንሽ ትርፍ የሚበቃው ቀይርበት፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ኮንቨርተር ከተገኘ ደግሞ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ኤ4988 ከ8 ቮልት በታች አይሠራም። ለዚህ ብለህ 9 ቮልት ስታወጣ ሞተሩ 3 ዋት ቢወስድ ከሴሉ 1 አምፔር ገደማ ትመዛለህ። ለ500 ሚሊአምፔር ሰዓት ሴል ይህ ከባድ ነው፤ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቺፑ ይጠፋል። ዲአርቪ8833 ከ2.7 ቮልት ጀምሮ ስለሚሠራ ከባትሪው በቀጥታ ይነዳል፣ ቡስቱም ይቀራል። ሞተሩን ግን የኮይሉ ኦም ዝቅተኛ የሆነውን ምረጥ፤ 5 ኦምና ከዚያ በታች። ግማሽ ስቴፕ ስትነዳው 0.25 ማይክሮሊትር ይመጣል፣ ለዚህ መጠን ከበቂ በላይ ነው። ድራይቨሩ ሥር 100 ማይክሮፋራድና 100 ናኖፋራድ አስቀምጥ።

ቲፒ4056 ደግሞ ሲገዛ 1.2 ኪሎኦም ሬዚስተር ተበይዶበት ነው የሚመጣው፤ 1 አምፔር ይሰጣል። ያ ለሴልህ እጥፍ ነው፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። በ4 ኪሎኦም ቀይረው፣ 300 ሚሊአምፔር ይሆናል። እየቻርጁም እንዲሠራ ከፈለግህ የመሣሪያውን ጭነት በቀጥታ ከሴሉ ጋር አትሰር፤ ቻርጀሩ ሴሉ መሙላቱን የሚያውቀው የሚገባው ከረንት ሲቀንስ ስለሆነ ጭነቱ ያታልለዋል፣ መሙላቱን ሳያቆም ያድራል።

ሞተሩ ከቆመ በኋላ ከረንቱን አትተውለት። ሙሉ ከረንት ይዞ የቆመ ስቴፐር ይሞቃል፤ ሙቀቱ ወደ ሲሊንደሩ ወርዶ አየሩን ያሰፋዋል። 1 ዲግሪ የአየሩን መጠን 0.34 በመቶ ይጨምራል፤ ለ3 ሚሊሊትር 10 ማይክሮሊትር ማለት ነው። ፈሳሽ ይዞ እየጠበቀ ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ፒፔት ብዙ ጊዜ አይሾልክም፣ ይሞቃል እንጂ። ከ10 እስከ 20 በመቶ መያዣ ይበቃዋል። ጭራሽ ከቆረጥከው ደግሞ አንድ ኮይል ብቻ በርቶ በሚያርፍበት ስቴፕ ላይ ይቁም፤ አለዚያ ሮተሩ ወደ ተፈጥሮ ማረፊያው ዘልሎ ግማሽ ስቴፕ ይወስድብሃል።

አንድ ሐሳብም አለኝ፦ ቢኤምፒ280 የአየር ግፊት ሴንሰር ርካሽ ነው። እሱን ጨምረን ፒፔቱ ባለበት ቦታ ግፊቱን አንብቦ ራሱን ቢያርምስ? ቢሾፍቱም ሱሉልታም ይሂድ፣ ራሱ ያውቃል።

#7 ጠብታ

ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ቁጥሩ ግን አይደግፈውም። ቢሾፍቱ ወደ 1900 ሜትር ነው፣ ግፊቱ 81 ኪሎፓስካል ገደማ። ሱሉልታ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፣ 74.5 እንበል። በአሁኑ 3 ሚሊሊትር አየር እንኳ የ1000 ጉድለት በቢሾፍቱ 18.2፣ በሱሉልታ 19.8 ነው። ልዩነቱ 1.6 ማይክሮሊትር። አፍንጫው ከጠበበ በኋላ 1 አካባቢ ይሆናል። አይኤስኦ 8655 የተባለው ዓለም አቀፍ የፒፔት መስፈርት ለ1000 ማይክሮሊትር ፒፔት በሙሉ መጠኑ የሚፈቅደው ስሕተት ±8 ማይክሮሊትር፣ የመበታተን ገደቡ 3 ማይክሮሊትር ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ብለን አንድ ተጨማሪ ክፍል፣ አንድ ተጨማሪ የሚሳሳት ነገር አንጨምር።

ከፍታው የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው፦ ባሕር ጠለል አጠገብ ተስተካክሎ የመጣ ፒፔት እዚህ ሳይፈተሽ ሥራ ሲጀምር። በዚያው 3 ሚሊሊትር አየር ልዩነቱ 4.6 ማይክሮሊትር ነው፤ ከተፈቀደው ስሕተት ከግማሽ በላዩን በጉዞ ብቻ ጨረስከው ማለት ነው። የእናንተ ዕቃ እዚሁ ተሠርቶ እዚሁ ስለሚስተካከል ይህን ዕዳ ከመነሻው አይሸከምም። ከሁሉ በላይ የምወድላችሁ ነገር ይሄ ነው። ባሮሜትሩን ማስተካከያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፣ በየፒፔቱ የምስክር ወረቀት ላይ የዕለቱን ግፊት ጻፉ፤ ያ ይበቃል።

ማረሚያው አንድ ቁጥር ሳይሆን ሰንጠረዥ ይሁን፦ በ100፣ በ500 እና በ1000 እውነተኛውን መጠን ለካና በመካከላቸው ያሉትን ሶፍትዌሩ በቀጥታ መስመር ይሙላ። ሁለት ነጥብ ብቻ ከወሰድክ በ500 ላይ ከ1 ማይክሮሊትር በላይ ትስታለህ፣ ምክንያቱም የቲፑ ቅርጽ ሾጣጣ ነው። ከፋብሪካ የወጣው ሰንጠረዥ የማይጠፋበት ቦታ ይቀመጥ፤ ቤተ ሙከራው የሚያስተካክለው ከሱ ላይ የሚደመር ሌላ ሰንጠረዥ ይሁን። ጉዞውንም አስብበት፦ 1000 ለመስጠት ፒስተኑ ከ1000 በላይ መሄድ አለበት፣ ስለዚህ 19.9 ሳይሆን ቢያንስ 20.5 ሚሊሜትር ከላይ ክፍት ይሁንለት።

#8 ቂሊንጦ_ቤንች

ተቀብያለሁ፣ ባሮሜትሩ ቀረ። አመዛዘኔ ራሱ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ? ባለ አራት ቤት ሚዛን ነው ያለኝ፣ 0.1 ሚሊግራም የሚያነብ። ውሃው የተጣራ ነው። ወደ ማይክሮሊትር ለመቀየር ሚሊግራሙን በ1.0029 ነበር የማባዛው።

#9 ጠብታ

1.0029 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፣ ለ20 ዲግሪ። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃውን የሚያንሳፍፈው ኃይልም ይቀንሳል፤ በ77 ኪሎፓስካል 1.0026 ተጠቀም። ልዩነቱ በ1000 ላይ 0.3 ማይክሮሊትር ብቻ ነው፤ ትንሽ ብትሆንም በነጻ የምትስተካከል ስሕተት ናት።

የሚበልጠው ትነቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር የቤቱ አየር ሲደርቅ ከመመዘኛው ዕቃ ላይ ውሃው ዓይንህ እያየ ይሄዳል። አፈ ጠባብ ዕቃ ውሰድ፣ ታቹ ቀድሞ ውሃ ይኑረው፣ ሚዛኑ ጓዳ ውስጥ በትንሽ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጥ። ከዚያ ባዶ ዙር ሥራ፦ በሩን ክፈት፣ ፒፔቱን አስጠጋ፣ ምንም ሳትለቅ በሩን ዝጋ፣ አንብብ። አራት ጊዜ ደግመህ አማካዩን ውሰድ፤ በዙር የሚተነው ያ ነው፣ በየንባቡ ላይ ትደምረዋለህ። 100 ማይክሮሊትር ላይ በዙር 0.3 ሚሊግራም ቢተን 0.3 በመቶ ነውና።

ውሃው፣ ፒፔቱ፣ ቲፖቹና ሚዛኑ አንድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዓት አብረው ይቆዩ። ሙቀቱ በሥራው መሃል ከ0.5 ዲግሪ በላይ አይለዋወጥ፤ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ከሆንክ ቦታ ቀይር። አዲስ ቲፕ ስትሰካ 5 ጊዜ ስበህ ልቀቅ፣ የውስጡ አየር እርጥበት እንዲጠግብ። ቲፑን 3 ሚሊሜትር ብቻ አጥልቅ፣ ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ስበህ 2 ሰከንድ ቆይተህ አውጣ። ስትለቅ ጫፉ የዕቃውን ግድግዳ ይንካ። በየመጠኑ 10 ጊዜ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሹልክታ ፈተና ሥራ፤ በሚያሾልክ ፒፔት ላይ የተሠራ ሰንጠረዥ ወረቀት ማበላሸት ነው። ሙሉ ስበህ 20 ሰከንድ ማንጠልጠል ትልቁን ብቻ ነው የሚያሳይህ። የተሻለው በአፍንጫው ላይ ቱቦ አጥልቀህ የዩ ቅርጽ ባለው ግልጽ ቱቦ ውሃ ላይ 200 ሚሊሜትር እስኪደርስ መሳብ ነው፤ 2 ኪሎፓስካል ያህል ይሆናል። በ1 ደቂቃ ውስጥ ከወረደ ቱቦውን ከአፍንጫው ሥርና ከኦሪንጉ በላይ እያፈራረቅህ ከየት እንደሆነ ለይ።

#10 ሆለታ_ላብ

ከተጠቃሚው ወገን የሚነሱ ነገሮች ልጨምር።

ኢታኖሉ የሚንጠባጠበው ሞተሩ ስለሞቀ ብቻ አይደለም። የሚተን ፈሳሽ በአየር ትራሱ ውስጥ እንፋሎት እየጨመረ ይገፋዋል። የአሴቶን የእንፋሎት ግፊት በ20 ዲግሪ 24 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ይህ ከአየሩ ግፊት አንድ አራተኛ አይሞላም፤ እኛ ዘንድ አንድ ሦስተኛ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ኢታኖል 6 ኪሎፓስካል አካባቢ ስለሆነ ይቀላል፣ ግን ያው መንገድ ነው። 5 ወይም 6 ጊዜ ስቦ መልቀቅ፣ ቶሎ ማድረስ፣ ከሚፈለገው በላይ ስቦ ትርፉን ቲፑ ውስጥ የሚያስቀር ፕሮግራም፣ እነዚህ ይረዳሉ። ለአሴቶን ግን የአየር ትራስ ያለው ፒፔት መሣሪያው አይደለም፤ ፒስተኑ ፈሳሹን በቀጥታ የሚነካበት ዓይነት ነው የሚያስፈልገው። በመመሪያው ላይ በግልጽ ጻፉት።

ቲፕ እንደ አምራቹ ይለያያል። አንዱ ጠበቅ ብሎ ሲገባ ሌላው 2 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የአየሩ መጠንም ሹልክታውም አብሮ ይቀየራል። ቤተ ሙከራው በሚጠቀምበት ቲፕ አስተካክሉት፣ የቲፑን ዓይነትም ካርዱ ላይ ጻፉ። አፍንጫውን በስሪዲ ማተሚያ አታትሙት፤ በንብርብሩ መካከል አየር ያሳልፋል፣ የተለመደው የማተሚያ ፕላስቲክ ፒኤልኤ ደግሞ በ60 ዲግሪ ይለሰልሳል። ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፒቪዲኤፍ ፕላስቲክ ተቶርኖ ይሠራ።

አውቶክላቭ የሚገባው የታችኛው ክፍል ብቻ ይሁን፤ አፍንጫው፣ ሲሊንደሩና የቲፕ ማስወጫው ያለ ካቻቪቴ በእጅ ዞረው ይለያዩ። እዚህ ላይ ከፍታው እንደገና ይመጣል። 121 ዲግሪ የሚገኘው በ205 ኪሎፓስካል ፍጹም ግፊት ነው። በግፊት መለኪያ ብቻ የሚሠራ ድስት መሰል አውቶክላቭ ላይ መጽሐፉ 103 ኪሎፓስካል ይላል፤ ያ ባሕር ጠለል ላይ ነው። እዚህ 103 ላይ ስታቆም 77 ተደምሮ 180 ነው፣ ሙቀቱም 117 ዲግሪ ላይ ይቀራል። መለኪያው 128 ማሳየት አለበት፤ ድስቱ ለዚያ ግፊት መሠራቱን መጀመሪያ አረጋግጡ። ፕላስቲካችሁን በ117 ፈትናችሁ "121 ቻለ" እንዳትሉ ነው የምጨምረው። ከእያንዳንዱ አውቶክላቭ በኋላ የሹልክታ ፈተናው ይደገም።

መጨረሻ፣ ባትሪው አልቆ ሲነሳ ፒፔቱ ወዲያው ዜሮ ፍለጋ ወደ ታች እንዳይሮጥ። ቲፑ ውስጥ ናሙና ሊኖር ይችላል፤ ሰው እጅ ላይ ወይም ሌላ ሰው ናሙና ላይ ይለቀዋል። ስክሪኑ "ቲፑን ቆሻሻ ዕቃ ላይ አድርገው ቁልፉን ይጫኑ" ይበልና ይጠብቅ። ክብደቱም ከ200 ግራም አይለፍ፤ ባትሪውና ሞተሩ ከእጅ መዳፍ በላይ ከተቆለሉ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ የእጅ አንጓ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል። ሰው ከተራው ፒፔት ወደ ኤሌክትሮኒኩ የሚመጣው አውራ ጣቱን ሊያሳርፍ ነው፤ ቲፕ ማስወጫው ከባድ ከሆነ ድካሙ ተመልሶ እዚያው ነው።

#11 ቂሊንጦ_ቤንች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ቶርኖ፣ አንድ ብቻ ልጠይቅዎ። የዳዶውን ክፍተት በሶፍትዌር ከማለፍ በሞላ ብገፋውስ? ፒስተኑን ሁልጊዜ ወደ ታች የሚገፋ ሞላ ቢኖር ጥርሱ በአንድ ወገን ብቻ ይነካል።

#12 ቶርኖ_ገላን

ይሠራል፣ ግን ሞላው ከኦሪንጉ መያዣ ጉልበት መብለጥ አለበት። ካልበለጠ ወደ ታች ስትሄድ ኦሪንጉ ፒስተኑን ይይዘዋል፣ ክፍተቱም ተመልሶ ይከፈታል። መጀመሪያ መያዣውን ለካ፦ ሲሊንደሩን በኩሽና ሚዛን ላይ አቁመህ ሚዛኑን ዜሮ አድርግና ፒስተኑን ወደ ታች ግፋው፤ ሲነሳ የሚያሳየውን ግራም በ100 ብታካፍለው ኒውተን ነው በግምት። አንድ ሌሊት አሳድረህ ጠዋት የመጀመሪያውን ግፊት አንብብ፤ ትልቁ እሱ ነው። 4 ኒውተን ከሆነ 6 የሚገፋ ሞላ አድርግ።

ከዚያ ሞተሩ ላይ ደምረው፦ ሲስብ ሞላውንም ኦሪንጉንም ተሸክሞ ነው የሚወጣ፣ 10 ኒውተን። 16 ሚሊኒውተን ሜትር ያለው ሞተር በ2 ሚሊሜትር ብሎን፣ ሦስት አራተኛ ገደማው በጥርሱ ፍትጊያ ቢጠፋ እንኳ 12 ይገፋል። ጠባብ ነው። ባትሪው ሲደክም ስቴፕ ይዘልብሃል። የቴፍሎኑን ከንፈር መጀመሪያ ሥራ፤ መያዣው ከወረደ ሞላውም ቀላል ይሆናል። ክፍተቱን ራሱን በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ለካው፦ ጫፉን ፒስተኑ ሥር አቁመህ 50 ስቴፕ ወደ ላይ፣ 50 ወደ ታች፣ ያልተመለሰው ክፍተትህ ነው። ከ0.02 ሚሊሜትር በታች ካወረድከው ሞላ አያስፈልግህም፤ የሽቦና_ሶልደር የአቅጣጫ ዘዴ ይበቃሃል።

#13 ጠብታ

አፍንጫውን ጠበብ ካደረግህ በኋላ አሥሩንም ንባብ አንድ በአንድ እዚህ ለጥፍ፣ አማካዩን ብቻ ሳይሆን። ከአንደኛው ወደ አሥረኛው እየወረደ ከሄደ ትነት ወይም ሙቀት ነው፤ ያለ ሥርዓት ከተበታተነ ኦሪንጉ ወይም ጥርሱ ነው። የክፍሉን ሙቀትና የዕለቱን ግፊትም ከላዩ ጻፍልን።